«ገብቷችኋል?» «አዎ ቲቸር!»

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ፣ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት አዳራሽ ውስጥ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። በወረቀት አልነበረም። አንድ አባት በስልካቸው ቀድተውት ላኩልኝና እየሰማሁ ጻፍኩት። «እእእ» ያልኩበትን አውጥቼዋለሁ። ብዙ ነበር።

*

እንደምን አደራችሁ። ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል?

(«አዎ!» አለ አዳራሹ።)

እሺ። ማይኩ ገና አልተከፈተም ነበር። ይኸው ይህ ልጅ አሁን ነው የከፈተው። ግን «አዎ» አላችሁ። አመሰግናለሁ፤ የንግግሬን ግማሽ ሠራችሁልኝ።

ጭቃውን ረግጣችሁ ስለመጣችሁም አመሰግናለሁ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ጋራ ማለት ነው ይባላል። እኔ ቀዩን እስካሁን እየፈለግኩ ነው። የማውቀው ጫማ የሚያስወልቀውን ጥቁር መረሬ ብቻ ነው። ክፍል ስገባ ማን ከየት እንደመጣ በጫማው አውቃለሁ። አስፋልት ዳር ያሉት ንጹህ ናቸው። በኮዬ ፈጬ በኩል በእግር አቋርጠው የሚመጡት ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ናቸው። ከመሃል ከተማ ቤታቸው ፈርሶ በቅርብ የመጡትን የምለየው ጫማቸውን በሶፍት ሲጠርጉ ሳይ ነው። እስከ ገና ድረስ ይተዉታል።

እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ከ2004 ጀምሮ በዚህ በከተማው ደቡብ ጫፍ ነው ያስተማርኩት። ያደግኩትና የተማርኩት ቃሊቲ ነው። ስለዚህ ይህን አካባቢ ከዴስኩም በኩል ከሰሌዳውም በኩል አይቼዋለሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ጎበዝ መምህር የሚባለው ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነው። እቤት ቁጭ ብዬ ዝርዝር ጻፍኩ። ሰዓት የሚያከብር። ዝግጅት ያለው። ተጫዋች። ጽሑፉ የሚነበብ። ተማሪውን እንደ ልጁ የሚወድ። ከዚያ ያስተማሩኝን ምርጥ ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኩና ወረቀቱን ቀደድኩት። አንደኛው ቀልድ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። አንደኛዋ ሁልጊዜ ያረፍዱ ነበር። የአንደኛው ጽሑፍ የሐኪም ማዘዣ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ዝርዝሩን በሙሉ አሟልተው ምንም ያላስተማሩኝ አሉ። ስማቸውን እንኳ ረስቼዋለሁ፤ ከረባታቸውን አስታውሳለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ዝርዝር የለኝም። አንድ ቃል ብቻ ነው ያለኝ። «ገብቷችኋል?»

በዚህ አገር በየቀኑ፣ በየክፍሉ፣ በየክፍለ ጊዜው የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ዞር ይላል። አንዳንዴም ጭራሽ አይዞርም፤ ለሰሌዳው ነው የሚጠይቀው። «ገብቷችኋል?» ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላል። ምርቃት ሲወርድ «አሜን» እንደምንለው ነው። አሜን ያለ ሰው ምርቃቱን አጣርቶ ሰምቷል ወይ ተብሎ አይጠየቅም።

እኔ ተማሪ ሆኜ አሥራ ሁለት ዓመት «አዎ» ብያለሁ። ለምን እንደምል አስታውሳለሁ። አንደኛ፣ ይሳቅብኛል። ሁለተኛ፣ «እስካሁን የት ነበርሽ?» እባላለሁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ኖሮኝ አያውቅም፤ እዚያው ነበርኩ። ሦስተኛ፣ ደወል ሊደወል ነው፤ «አልገባኝም» ብሎ ክፍሉን በሙሉ ከእረፍት ማስቀረት ጠላት ያፈራል። እነዚህን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ያልገባኝ ምን እንደሆነ አላውቀውም ነበር። ሰው የጠፋበትን ቦታ ካወቀማ ግማሽ መንገድ ተመልሷል። ተማሪ እጁን አውጥቶ «ከየትኛው መስመር ላይ እንደጠፋሁ አላውቅም» ለማለት ቃሉም ድፍረቱም የለውም። «አዎ» ይቀላል።

ቤትም ያው ነው። «ዝም አይነቅዝም» ብለን ነው የምናሳድገው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም አለን፤ ግን ልጅ ሲናገር የምናስታውሰው የመጀመሪያውን ነው።

አሁን ስለ ፕላዝማ ላውራ። እድሜዬ አካባቢ ያላችሁ ስትስቁ ይታየኛል።

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። 1997 ላይ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው የደረሰው። ለልጆቹ ልንገራቸው፤ ግድግዳው ላይ በብረት ሳጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይለቀቃል። የክፍሉ መምህር መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል። መሃሉ በሙሉ የፕላዝማው ነው። በእንግሊዝኛ።

ፕላዝማን መስደብ ፋሽን ሆኗል፤ እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ላቦራቶሪያችን ቁልፉ የጠፋ ክፍል ነበር። ሴል በማይክሮስኮፕ ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ያየሁት በፕላዝማ ነው። ይህን አልክድም። ግን አንድ የማይችለው ነገር ነበር። የፕላዝማዋ አስተማሪ ጥያቄ ትጠይቃለች። ሁለት ደቂቃ ትሰጣለች። ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ ሙዚቃም አለው። እኛ ገና ጥያቄውን ወደ ደብተር እየገለበጥን ነው። ሁለት ደቂቃው ያልቅና ፈገግ ብላ «ቬሪ ጉድ!» ትለናለች። ማንም አልመለሰም። ማንም አፉን አልከፈተም። «ቬሪ ጉድ!» ወደሚቀጥለው ርዕስ።

መብራት ሲጠፋ እናጨበጭብ ነበር።

ሳስተምር ቆይቼ የገባኝ ግን ሥጋ የለበሰ ፕላዝማም እንዳለ ነው። ጠይቆ፣ ራሱ መልሶ፣ «ጎበዞች!» ብሎ የሚያልፍ። እኔም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እንደዚያ ነበርኩ። ሌሰን ፕላኔ ሞልቷል፤ መጽሐፉን በጊዜ ጨርሻለሁ፤ ሱፐርቫይዘር መጥቶ አመስግኖኛል። እኔ ጨረስኩ። ልጆቹ የት እንደቀሩ የጠየቀኝ የለም።

በፕላዝማው ዘመን አንድ የሂሳብ መምህር ነበሩን። ስማቸውን አልጠራም። ተማሪው ያወጣላቸው ስም ግን «ቆይ» ነበር። «ዛሬ ሁለተኛ ፔሬድ ማነው?» «ቆይ ናቸው» እንባባላለን። ቀልድ የማያውቁት እሳቸው ናቸው። ኮታቸው ጠመኔ በጠመኔ ነው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከኋላ ለመስማት ዝም ማለት አለብህ፤ አሁን ሳስበው ሆን ብለው ሳይሆን አይቀርም።

መብራት ሲጠፋ ሌሎቹ መምህራን ወይ ይቀመጣሉ ወይ ኮሪደር ይወጣሉ። ቆይ ግን ጠመኔ ያነሱና «እስከ የት ድረስ አብራችሁ ነበራችሁ?» ይላሉ። ልብ በሉ፤ «ገብቷችኋል?» አላሉም። ለዚህኛው ጥያቄ «አዎ» የሚል መልስ የለውም። ሞክሩት እስቲ። «እስከ የት አብራችሁ ነበራችሁ?» «አዎ ቲቸር!» አይሄድም። የሆነ ቦታ መጥራት አለብህ። አንዱ «እስከ ሁለተኛው መስመር» ይላል። ከኋላ ደግሞ አንዷ «እኔ ከመጀመሪያውም አልነበርኩም» ትላለች። ይሳቃል። እሳቸው አይስቁም። ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ጥያቄ ሲጠይቁ ደግሞ ቀለሜዎቹ ጣታቸውን እያጮሁ «ቲቸር! ቲቸር! እኔ!» ይላሉ። እሳቸው «ቆይ»። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ይጀምራሉ። ፀጥታ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን ጥያቄውን የረሱት ይመስለኝ ነበር። ያ ፀጥታ ያስጨንቃል። ሲያስጨንቅህ ደግሞ ማሰብ ትጀምራለህ፤ ሌላ የምትሠራው ነገር የለማ። ከዚያ እጅ አውጥቶ የማያውቅ አንድ ልጅ ከኋላ እጁን ያወጣል።

አንድ ቀን እኔ አወጣሁ። የመለስኩት ስህተት ነበር። ክፍሉ ሊስቅ ሲል «ቆይ!» አሉ፤ ይኼኛው ቆይ ጮክ ያለ ነበር። ከዚያ «እንዴት እዚያ ደረስሽ?» አሉኝ። ማፈሪያ ማድረጋቸው መስሎኝ ነበር። አልነበረም። የሄድኩበትን መንገድ አንድ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጻፉት፤ የእኔን ስህተት፣ በእሳቸው ጽሑፍ። «እስከ ሦስተኛው ድረስ አብረን ነን» አሉ። «አራተኛው ላይ ኔጌቲቯን ጣልሻት።» በቃ። እስከዚያ ቀን ድረስ ተሳስተሻል እንጂ እስከዚህ ድረስ ልክ ነሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።

የሂሳብ አስተማሪ የሆንኩት በዚያ ቀን ነው ብላችሁ ያምር ነበር። ውሸት ይሆናል። የመጀመሪያ ምርጫዬ ሌላ ነበር፤ ነጥቤ አልደረሰም።

እኚህ ሰው በመስኮት እያዩ ምን ይሠሩ እንደነበር የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሳይንስ ክፍሎችን ድምፅ ቀድታ አጠናች። አስተማሪ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ስንት ጊዜ ይጠብቃል? በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ። አንድ! ከዚያ ወይ ይደግመዋል፣ ወይ ሌላ ሰው ይጠራል፣ ወይ ራሱ ይመልሳል። ይህን ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይጠሩ የሚመልሱ በዙ፣ «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ። ሦስት ሰከንድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በጀት አይጸድቅለትም። አሁን እዚሁ እንሞክረው። ዝም በሉ።

(አንድ። ሁለት። ሦስት።)

አያችሁ ሲረዝም? አንዲት እናት ሰዓታቸውን አዩ።

እሺ፣ አሁን የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ሰባተኛ ክፍል። ሰሌዳ ላይ 1/2 + 1/3 ጻፍኩ። አንድ ልጅ እጁን አወጣ፤ ብዙ የማይናገር ልጅ። «2/5» አለ። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሮ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ «ቆይ» አላልኩም። «ተቀመጥ» አልኩ። ሌላ ልጅ ጠራሁ፤ 5/6 ብላ መለሰች፤ «ጎበዝ! አጨብጭቡላት» አልኩ። ሥራዬን የሠራሁ መስሎኛል።

እረፍት ላይ ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣ። ገልጦ አሳየኝ። የገዛ ራሴ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ክላስ ወርክ 4/5። ሆምወርክ 3/5። ከሥሩ በእኔው እጅ፣ «ድምር 7/10» ተብሎ ተጽፎ ተሰምሮበታል። ፈርሜበታለሁ። «ቲቸር፣ ይኼስ?» አለኝ።

ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሬያለሁ። እሱ የሠራውን ነው የሠራሁት። ዓመቱን ሙሉ፣ በስልሳ ልጆች ደብተር ላይ፣ በቀይ። ልጁ ከእኔ ነው የተማረው።

ምን ብዬ መለስኩለት? «ያ ሌላ ነው» አልኩት። ደወል ተደወለ። ሄደ።

ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌላ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ለምን ሌላ እንደሆነ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። አሁን ልሞክር፤ ወላጆችም ለልጆቻችሁ ትነግሩታላችሁ። አንድ ድፎ ዳቦ አለ። ግማሹን በላህ። ሲሶውን ጨመሩልህ። እንደ ልጁ ስሌት 2/5 በላህ፤ ግን 2/5 ከግማሽ ያንሳል። እየተጨመረልህ ቀነሰብህ! ክፍልፋይ የአንድ ዳቦ ጉዳይ ነው፤ ዳቦው አይለወጥም። ማርክ ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ፈተና አንድ ዳቦ ነው፣ ሌላው ፈተና ሌላ ዳቦ። ከመጀመሪያው አምስት ቁራሽ አራቱን አገኘህ፣ ከሌላው አምስት ቁራሽ ሦስቱን። ሁለት ዳቦ፣ አሥር ቁራሽ፣ ሰባቱ ያንተ።

የሚገርመኝ ደግሞ አማርኛችን ይህን ያውቀዋል። ማርክ ስንናገር «ከአምስት አራት አገኘሁ» እንላለን። ክፍልፋይ ስንናገር «አራት አምስተኛ» እንላለን። አፋችን ለይቶታል። እጃችን ነው ሁለቱንም 4/5 አድርጎ አንድ ላይ የሚጽፈው። ያ ልጅ አልደነቆረም። ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ልብስ ለብሰው አይቶ ነው የተሳሳተው፤ ልብሱን ያለበስኳቸው እኔ ነኝ።

በማግስቱ አስተካከልኩ ወይ? አላስተካከልኩም። ሰኞ ድረስ ሳስብ ቆየሁ፤ ሰኞ ስሞክር እሱ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። በዚያ ዓመት ዳግም እጁን አላወጣም። በዓመቱ ቤተሰቡ ሌላ ሰፈር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ግን ማርክ በክፍልፋይ አልጽፍም። «ከ5 አራት» ብዬ ነው የምጽፈው። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

ከዚያ ልጅ በኋላ ነው የተሳሳተ መልስ መልቀም የጀመርኩት። ሌላው ቴምብር እንደሚሰበስበው። 0.25 ከ0.3 ይበልጣል የሚል ሞልቷል፤ 25 ከ3 ስለሚበልጥ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ሌላ ዓይነት ይመጣል። «የ12 እና የ7 ዲፈረንስ ስንት ነው?» ብዬ አንዷ «አንዱ ተጋማሽ ነው፣ አንዱ ኢ-ተጋማሽ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው! ዲፈረንስ ልዩነት ነው፤ ልዩነታቸውን ነገረችኝ። መቀነስ የማታውቅ መስሎኝ ብቀጣት ኖሮ ሂሳቡን ሳይሆን እንግሊዝኛውን ነበር የምቀጣት።

አንዳንድ ወላጅ «ይህ ሁሉ ለአንድ ስህተት?» ይል ይሆናል። እሺ፣ ትልቁን እንይ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈታኞቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው የተፈተኑት፤ ኩረጃ እንዳይኖር። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ሆኑ። ከ30 ሺህ ያነሱ ልጆች። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 2016 ላይ 5.4። አገር ደነገጠ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱ አለ፣ ኮቪድ አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ። ሁሉንም በመምህር ላይ መላከክ ግፍ ነው፤ እኔም መምህር ነኝ፣ ደሞዜን ታውቁታላችሁ። ነገር ግን እነዚህ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ገብቷችኋል?» ሲባሉ ምን ይሉ ነበር? «አዎ ቲቸር!» እኛስ? «ቬሪ ጉድ!»

የድሮው ይሻል ነበር የሚሉኝ አሉ። አያቴ የቄስ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ ፊደል፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ዳዊት። እሳቸው እንደሚያወሩት የኔታ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ለብቻው ያስነብቡታል። እሱ ሳያወጣው ወደ ሚቀጥለው አይሄድም። አንዱ ገና ፊደል ላይ ነው፣ አጠገቡ ያለው ዳዊት ይደግማል፣ ማንም አያፍርም። ትልቁ ልጅ ትንሹን ያስቆጥራል። «ገብቷችኋል?» የሚባል ጥያቄ የለም፤ አንብብ ነው፣ ይሰማል። ይህን እወድላቸዋለሁ። አለንጋውን ግን አያቴ ራሳቸው ይነግሯችሁ ነበር። ሽምደዳውንም። ስለዚህ እንመለስ አልልም፤ አንድ ነገር እንስረቅ ነው የምለው። ጆሮውን።

እዚህ ጋ ወጣት መምህራን ፊታቸው ሲለወጥ አያለሁ። «የኔታ ስልሳ ሁለት ተማሪ በአርባ ደቂቃ አላስተማሩም» ማለታችሁ ነው። ልክ ናችሁ። ለሁለተኛ ደረጃ በአንድ ክፍል መለኪያው 40 ተማሪ ነው፤ የእኔ ክፍል ዘንድሮ 62 ነው። አርባ ደቂቃውን ለ62 ብታካፍሉት ለአንድ ልጅ አርባ ሰከንድ አይደርስም፤ ያውም እኔ አፌን ሳልከፍት። ሁሉን መስማት አይቻልም። ማንም ይቻላል ካላችሁ ክፍል ገብቶ አያውቅም።

እኔ የማደርገው የድሃ ዘዴ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ብጣሽ ወረቀት እሰጣለሁ። ስም አይጻፍም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ «እስከ የት አብረን ነበርን?» ከቆይ የሰረቅኩት ነው። ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ወደ ቃሊቲ የሚሄደው የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አነባለሁ። ሰልፉ አንዳንዴ ሥልሳ ሁለቱንም ያስጨርሳል፤ ለትራንስፖርት ችግሩ ያለኝ ብቸኛ ምስጋና ይህ ነው።

የሚጻፈውን ብታዩ! «እስከ ኢክስ ድረስ።» «ቲቸር ሰሌዳውን ቶሎ ያጠፋሉ።» «ገብቶኛል ግን የት እንደሚጠቅመኝ አልገባኝም።» አንዱ «ከኋላ ሲቀመጡ ቁጥሩ ይደበዝዛል» ብሎ ጻፈ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ አይደበዝዝበትም፤ የዓይን ችግር ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ስም የለውም። በማግስቱ ሳልናገር የመቀመጫ ተራ ቀየርኩና ዓይኑን የሚያጠብ ፈለግኩ። አገኘሁት። አሁን መነጽር አለው። ያን ልጅ ሰነፍ ነው ብዬ ነበር፤ ሮስተር ላይ ሳይቀር።

አንዷ ደግሞ «ርቦኛል» ብላ ብቻ ጻፈች። ምገባው ያለው ታች ክፍሎች ላይ ነው። የእኔ ልጆች ዘጠነኛ ናቸው። ይህችን በሂሳብ አልፈታኋትም።

ወላጆች፣ ለእናንተ ጥቂት ልበል፤ ብዙ አልናገርም፣ ቅዳሜያችሁን ሰውታችሁ ነው የመጣችሁት። ካርድ ልትወስዱ ስትመጡ ሁለት ነገር ነው የምትጠይቁኝ። «ስንተኛ ወጣ?» እና «ይረብሻል ወይ?» ዝምተኛ ናት ስላችሁ ደስ ይላችኋል። እኔ ግን በጣም የምፈራው ዝምተኛዋን ነው። ረባሹ የት እንደጠፋ አውቃለሁ፤ ይጮኻል። ዝም ያለችው ከጥቅምት ጀምሮ ጠፍታ ሰኔ ላይ ነው የምንነቃው። በካርድ ቀን እባካችሁ «አፏን ከፍታ ታውቃለች?» ብላችሁ ጠይቁኝ። እኔም እንድጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ስጠየቅ ነው የማስታውሰው።

ተማሪዎች። እዚያ ከኋላ የተደረደራችሁት፣ አዎ እናንተ። ጎበዝ መምህር ከሰማይ አይወርድም፤ ግማሹን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ያ የ2/5 ልጅ ደብተሩን ይዞ ባይመጣ እኔ ዛሬም «ድምር 7/10» እየጻፍኩ ነበር። እሱ ነው ያስተማረኝ፤ ደሞዙን የበላሁት ግን እኔ። «አልገባኝም» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ መምህሩ ያንኑ ነገር በዚያው ቃል ይደግምላችኋል፣ ጮክ ብሎ። «እስከዚህ ድረስ አብሬዎት ነበርኩ» በሉ። ጣታችሁን መስመሩ ላይ አድርጋችሁ። አንዳንድ መምህር ሊቆጣ ይችላል። እኔም ተቆጥቻለሁ። በማግስቱ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አይወጣም፤ ይህን በሚስጥር ያዙት።

ቆይን ከሁለት ዓመት በፊት ቃሊቲ ገበያ አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል። ሽንኩርት እየመረጡ ነበር። ተማሪያቸው እንደነበርኩና አስተማሪ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። አላስታወሱኝም፤ አልዋሹኝምም። «ምን ታስተምሪያለሽ?» አሉኝ። ሂሳብ አልኩ። ትንሽ ዝም አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ «ኔጌቲቭ ላይ ይጠፋሉ አይደል፣ አሁንም?» አሉ። «አሁንም» አልኩ። ሽንኩርቱን አስመዝነው ሄዱ።

ይኼው ነው ያለኝ። ገብቷችኋል?

(«አዎ!»)

*

ንግግሩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ቀረጻው ግን ይቀጥላል። ጭብጨባው ሲበርድ ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ፤ ስምንተኛ ክፍል ቢሆን ነው። ማይኩን እስኪያደርሱለት ጠበቅን።

«ቲቸር፣ ዳቦው ላይ ነበርኩ» አለ። «ሲሶ ምንድን ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። «ቆይ» አልኩ። አዘጋጆቹን ጠመኔ ጠየቅኩ፤ አልነበረም፤ ማርከርና ካርቶን አመጡልኝ። ድፎውን ሣልኩና ሦስት ቦታ ከፈልኩት። ከፊት ወንበር አንድ ትልቅ ሰው ጎረቤታቸውን «እኔ ሲሶ ሩብ ይመስለኝ ነበር» ሲሉ ቀረጻው ላይ ይሰማል።